ታጥቦ የሚለቅ የቲሸርት ህትመት፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ዋተር ቤዝ (በውሃ የተሠራ) የማተሚያ ቀለም ውስጥ ፒግመንት (መልኩን የሚሰጠው ዱቄት)፣ ፒግመንቱን ከጥጡ ጋር የሚያጣብቅ ባይንደር፣ ሁለቱን የተሸከመ ውሃ አለ። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የቱንም ያህል ብታሞቁት ቀለሙ ከውሃ መፍያ ሙቀት ብዙም አያልፍም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወደ ሱሉልታ ሲወጡ ከዚያም ዝቅ ይላል። «እንግዲያው እኛ ጋ ትንሽ ሙቀት ይበቃል» የሚል አለ፤ አይበቃም። ከፍታው የሚለውጠው የውሃውን መፍያ እንጂ የባይንደሩን ፍላጎት አይደለም። አብዛኛው ዋተር ቤዝ ቀለም እንዲበስል፣ ማለትም ባይንደሩ ጨርቁን ለዘለቄታው እንዲይዝ፣ ራሱ ቀለሙ 150–160 ዲግሪ ደርሶ 2–3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ትክክለኛውን ቁጥር ከማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ ደቂቃውን ግን መቁጠር የምትጀምሩት ውሃው ካለቀ በኋላ ነው።

ችግር፦ በመጀመሪያው እጥበት ደበዘዘ፣ የሳሙናው ውሃም ቀለም ያዘ

በእጅ ሲነካ የደረቀ ቀለም የበሰለ ይመስላል፤ ብዙውን ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። ላዩ ደርቆ ክሩ ውስጥ የገባው ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። ሂት ፕሬስ (ጨርቁን በጋለ ብረት የሚጫን ማሽን) ያለው ሰው እርጥቡን ቲሸርት ወዲያው ዘግቶ 30 ሰከንድ ይቆጥራል፤ ያ 30 ሰከንድ ግን ውሃ በማፍላት ያልቃል።

በፕሬስ እንዲህ ይሠራል። ህትመቱ መጀመሪያ በአየር ይድረቅ። ፕሬሱን 160 ላይ አድርጉና ሳትዘጉት፣ የጋለው ብረት ከህትመቱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ 40 ሰከንድ ይቆይ። ከዚያ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ወይም ቴፍሎን አልብሳችሁ ሳታጠብቁ 20 ሰከንድ ዝጉ፣ ክፈቱ፣ እንፋሎቱን አስወጡ። እንፋሎት እስከታየ ድረስ ቆጠራው አልተጀመረም። ሲጠፋ ዝጉና ማሸጊያው ያዘዘውን ደቂቃ ሙሉውን ስጡት።

በካውያ ከሆነ ውሃ መያዣውን ባዶ አድርጉ፣ የእንፋሎቱን ቁልፍ ዝጉ፣ መቆጣጠሪያውን ጥጥ ላይ አድርጉ። በወረቀቱ ላይ ቀስ እያላችሁ እያንቀሳቀሳችሁ ካውያው የሚሸፍነውን ቦታ እያንዳንዱን ቢያንስ 3 ደቂቃ ስጡት፤ ከዚያ ገልብጣችሁ በውስጥ በኩል ድገሙት። ሂሳቡን እዩት፦ 28 በ35 ሴንቲሜትር የሆነ የደረት ህትመት አምስት ያህል የካውያ ቦታ ይወጣዋል፣ ስለዚህ የፊቱ ብቻ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ሙሉውን በ3 ደቂቃ ጨረስኩ የሚል ሰው ያበሰለው አንዱን ጥግ ነው።

የሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ካላችሁ የምትለኩት ቀለሙን እንጂ የፕሬሱን ብረት አይደለም። የሚያብረቀርቅ ብረት መለኪያውን ያታልለዋል፣ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል። ቀለሙም ፕሬሱ በተከፈተ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ እንደከፈታችሁ ወዲያው ለኩ።

ችግር፦ ግማሹ ጸንቶ ግማሹ ለቀቀ

የለቀቀውን ቦታ ቅርጽ ተመልከቱ፤ ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል። ትንንሽ የደበዘዙ ነጠብጣቦች ከታዩ ካውያው አንድ ቦታ ቆሞ ነበር ማለት ነው፦ ከሥሩ ያሉት የእንፋሎት ቀዳዳዎች ጨርቁን አይነኩም፣ በነሱ ትይዩ ያለው ቀለም ሳይበስል ቀርቷል። በአንገቱ ስፌት አጠገብ ያለው ብቻ ከለቀቀ ስፌቱ ፕሬሱን ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ ህትመቱ ሥር ካርቶን ወይም የታጠፈ ጨርቅ አስገቡና ስፌቱ ከጠርዙ ውጭ ይንጠልጠል። እንደ ደመና ያለ ዝብርቅርቅ ከሆነ ጥፋቱ የሂት ጋን (ሙቅ አየር የሚነፋ ሽጉጥ) ነው። ሂት ጋን ለማድረቅ ጥሩ ነው፣ ለማብሰል ግን አንመክረውም፤ መሃሉን እያሳረረ ዳሩን ጥሬ ይተዋል።

የብረት መረብ ያለው የካውያ ጠረጴዛም ሙቀት ያሾልካል። ጣውላ ላይ የጥጥ አንሶላ አራት እጥፍ አድርጋችሁ ብትሠሩ ይሻላል። የእንጀራ ምጣድ ላይ ስለማብሰል የሚጠይቅ አይጠፋም፦ ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የምግብ ዕቃ ነው፤ ይቅር።

ችግር፦ ጠዋት የተሠራው ጸና፣ ማታ የተሠራው ለቀቀ

ይህ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ቡራዩና ሰበታ ላሉት ነው፤ መብራቱ ማታ ማታ በሚደክምበት ሰፈር ቀለሙን ከመጠርጠር በፊት ቮልቴጁን መለካት ይቀድማል። የሙቀት ሽቦ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል ሳይሆን በእጥፍ ያህል ፍጥነት ይወርዳል። 220 መሆን ያለበት 180 ከሆነ 2,000 ዋት የተባለው ዕቃ የሚሰጠው 1,340 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ተራ ሂት ጋን የሚያወጣው አየርም ይቀዘቅዛል። ካውያና ፕሬስ መቆጣጠሪያ ስላላቸው የታዘዙት ሙቀት ላይ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ግን ቀዝቃዛ ቲሸርት በተቀበሉ ቁጥር ይወርዱና ለመመለስ ይዘገያሉ። በተከታታይ የሚሠራ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በቀዘቀዘ ብረት ያበስላል።

መልቲሜትር ካለ ፕሬሱ እየጋለ ሳለ ሶኬቱ ላይ ለኩ፤ ዕቃው ጠፍቶ የሚታየው ቁጥር አይጠቅምም። በሁለት ቲሸርት መካከል የፕሬሱ ሙቀት ወደ 160 ዲግሪ እስኪመለስ ጠብቁ። ምጣድና ፕሬስ አንድ መስመር ላይ አይዋሉ። ቀጭን ረጅም ኤክስቴንሽን ራሱ ቮልቴጅ ይበላል፣ ይግላልም፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ያለው አጭር ተጠቀሙ። ስታቢላይዘር የምትገዙ ከሆነ ለ2,000 ዋት ፕሬስ ከ3,000 ቪኤ ያነሰ አትውሰዱ። ነገር ግን በጣም የሚያዋጣው ነጻ ነው፦ ቀን አትሙ፣ በአየር አድርቁ፣ ንጋት ላይ አብስሉ። የደረቀ ህትመት ሳይበስል ጥቂት ቀን ቢሰነብት ምንም አይሆንም፣ እስካልታጠበና እስካልተሻሸ ድረስ። መብራት ጠፋ ብሎ በከሰል ካውያ ከመታገል መጠበቅ ይበልጣል።

ችግር፦ በክረምት ሁሉም ነገር ለቀቀ፣ ወይም የተደራረበው ተጣበቀ

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ገመድ ላይ የተሰጣው ቀለም ሌሊቱን አድሮም ላይደርቅ ይችላል። በተዘጋ ክፍል ማንጠልጠል አይረዳም፤ ውሃው የሚሄድበት ያጣል። ትንሽ ቬንቲሌተር በህትመቱ ላይ አዙሩ፣ መስኮቱን ክፍተት ተዉለት፣ ከማብሰላችሁ በፊት ያለውን የማድረቂያ ጊዜ እጥፍ አድርጉ። ያልበሰለ ቀለም ፊት ለፊት ከተደራረበ ይጣበቃል፤ ከበሰለም በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አትጠፉት።

ችግር፦ እንደ ቅርፊት ተላጠ

እዚህ ሙቀት ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። ቀለሙ ክሩ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ተቀምጧል። አዲስ ቲሸርት ከፋብሪካ ማለስለሻ ወይም ማጠንከሪያ ይዞ ይመጣል፤ አንዱን ያለ ማለስለሻ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ካልታጠበው ጋር አወዳድሩ። ሌላው ምክንያት ውፍረት ነው፦ ነጭን በጥቁር ላይ ለማጉላት ቀለሙን በፍሬሙ (ወንፊት ጨርቅ በተወጠረበት ማተሚያ) ላይ ሦስት አራት ጊዜ መጎተት። በየመሃሉ በሂት ጋን ካልደረቀ ታችኛው ንብርብር ውሃ ይዞ ይቀራል።

ችግር፦ ነጩ ጨርቅ ቢጫ ሆነ፣ ወይም በቀይ ማሊያ ላይ ነጩ ቀለም ሮዝ ሆነ

ቢጫው ቃጠሎ ነው፤ ካውያው ቆሟል ወይም ወረቀቱ ተረስቷል። ሮዙ ግን ሌላ ታሪክ ነው፦ ፖሊስተር ሲሞቅ የራሱን ማቅለሚያ ይለቅና ነጩን ይበክላል፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው የሚታየው። ሻጩ «ጥጥ ነው» ካለ ከስፌቱ ውስጥ አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ፣ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሆነ ፖሊስተር አለበት። ለሱ ከ130 ዲግሪ በታች የሚሠራ ፊክሰር (ቀለሙ ውስጥ ተቀላቅሎ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲጸና የሚያደርግ ኬሚካል) ያስፈልጋል።

ፊክሰር ጥሩ ካውያ ኖሮት ፕሬስ ለሌለው ሁሉ ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከቀለሙ ክብደት 2–3 በመቶ ነው፤ ለ1 ኪሎ ቀለም 20–30 ግራም። በማንኪያ አትገምቱ፣ በሚዛን ለኩ፤ ሲበዛ ህትመቱ እንደ ካርቶን ድርቅ ይላል፣ ቀለሙም ባልዲው ውስጥ ይረጋል። ከተቀላቀለ በሰዓታት ውስጥ ስለሚወፍርና ሜሹን (የፍሬሙን ወንፊት) ስለሚደፍን የሚበቃችሁን ብቻ ቀላቅሉ። ፊክሰር ያለበት ህትመት ማሸጊያው የሚለውን ቀን ሳይሞላ አይታጠብ።

ከማስረከባችሁ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ህትመቱን አሥር ጊዜ ጫን ብላችሁ እሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ አልበሰለም። ገና ካልታጠበ መልሳችሁ አሙቁት፣ ብዙውን ጊዜ ይድናል። አንዴ ታጥቦ የደበዘዘውን ግን ሙቀት የቀረውን ያጸናለታል እንጂ የሄደውን አይመልስም፤ ደንበኛው ከፈለገው ያለው መንገድ ፍሬሙን በልኩ ገጥሞ በላዩ ደግሞ ማተም ነው።