ኪዩቡ ከመሰበሩ በፊት፦ አዲስ የምህንድስና ተማሪዎች በመጀመሪያ ምርምራቸው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኪዩቡ፣ ማለትም ጥንካሬው እንዲለካ በሻጋታ የተሞላው የኮንክሪት ቁራጭ፣ ማሽን ውስጥ ገብቶ ከተሰበረ በኋላ የሚታረም ነገር የለም። ስለዚህ በሲቪል ምህንድስና የተለመደውን የኮንክሪት ሙከራ ይዘን፣ ጀማሪዎች ከዚያ በፊት የሚሠሯቸውን ስህተቶች እንያቸው።

ርዕስን እንደ ጥያቄ መያዝ። «የኮንክሪትን ጥራት ማሻሻል» ርዕስ ነው። «ከሲሚንቶው ክብደት 10 በመቶው በተፈጨ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ቢተካ የ28 ቀን የመጨመቅ ጥንካሬው ስንት ይሆናል?» ሲባል ግን ምን እንደሚመዘን፣ ስንት ኪዩብ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚሰበር ከጥያቄው ራሱ ይወጣል። የቀደሙ ጥናቶችንም የምታነቡት ይህን ይዛችሁ ነው፤ ከማጠቃለያቸው ይልቅ የድብልቅ ሠንጠረዣቸውን ፈልጉ።

ሳያውቁ ሁለት ነገር መቀየር። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ሲሠራ አይታይማ። ፑሚስ የገባበት ድብልቅ ይደርቃል፣ አካፋ አልቀበል ይላል፤ አንዱ «ትንሽ ውሃ እንጨምርበት» ብሎ ከጆግ ያንቆረቁርበታል። ለ10 ኪሎ ሲሚንቶና ፑሚስ 5 ሊትር ውሃ ተመድቦ ከነበረ ውሃው ለሁለቱ ክብደት ያለው ምጣኔ 0.5 ነው፤ 1 ሊትር ሲጨመር 0.6 ይሆናል። በ28ኛው ቀን ጥንካሬው ወርዶ ሲገኝ፣ የተጨመረው ውሃም ሊያወርደው እንደሚችል ተረስቶ፣ ጥፋቱ በፑሚሱ ይላከካል። ድብልቁ ቢደርቅም አትንኩት፤ ስላምፑን (እርጥቡ ኮንክሪት ሻጋታው ሲነሳለት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል) ለክታችሁ ቁጥሩን ጻፉ፤ እሱም ውጤት ነው።

ጆጉን ማንም ሳይነካው በአሸዋው በኩል የሚገባ ውሃም አለ። ዝናብ ካገኘው ክምር ከላይም ከውስጥም 525 ግራም ውሰዱና ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ ክብደቱ መውረድ እስኪያቆም አድርቁ። 500 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 5 በመቶ ነው፤ 25ቱ ግራም የሚካፈለው ለደረቁ ክብደት፣ ለ500 ነው። እንግዲህ 20 ኪሎ ደረቅ አሸዋ ለሚፈልግ ድብልቅ 21 ኪሎ እርጥብ አሸዋ ይመዘናል፤ አብሮ የገባው 1 ሊትር ውሃ ደግሞ ከሚጨመረው ላይ ይታሰባል። ሙሉው ግን አይቀነስም፤ የአሸዋው ቅንጣት ራሱ 1 በመቶ ውሃ የሚመጥ ከሆነ የሚቀነሰው 0.8 ሊትር ነው። ሙከራው ሁለት ቀን ከፈጀ ልኬቱ በየቀኑ ይደገማል፤ ያደረ አሸዋ የትናንቱ አይደለም።

የኪዩብ ብዛትን እንደ ድግግሞሽ መቁጠር። ከአንድ ድብልቅ የተሞሉ ሦስት ኪዩቦች የአሞላልንና የአሰባበርን ልዩነት ያሳያሉ። የመመዘን ስህተት ካለ ግን ሦስቱም እኩል ስለሚሸከሙት አያጋልጡትም። ድብልቁን ራሱን ከሚዛን ጀምሮ ሦስት ጊዜ መሥራት ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ስለዚህም ነው የሚዘለለው።

ቀን ሳይቆጥሩ መሙላት። 28 ቀን ልክ 4 ሳምንት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሞላ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት የላብራቶሪ ቁልፍ ያዡን ሲያፈላልግ ይውላል። ፋሲካንም ቁጠሩ።

የመሣሪያውን አቅም አለመጠየቅ። ይህኛው በፔንዱለም ይበልጥ ይታያል። የ1 ሜትር ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሰዓቱን የሚጫነው ጣት 0.2 ሰከንድ ቢያሳስት፣ አንድ ምልልስ ብቻ ለለካ ሰው ስህተቱ 10 በመቶ ነው፤ የስበት ፍጥንጥነቱ (g) ሲሰላ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። 20 ምልልስ አንድ ላይ ከተለካ ግን የ g ስህተት 1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ያኔም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ያለውን 9.77 ገደማ ከመጽሐፉ 9.81 መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ «9.81 አገኘሁ» የሚል ሪፖርት ለመምህሩ ብዙ ይነግረዋል። ቴርሞሜትርም እንዲሁ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በፈላ ውሃ ውስጥ 92 ወይም 93 ዲግሪ ቢያነብ አልተበላሸም፣ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው እዚያ ላይ ነው።

የተሰላውን ብቻ መመዝገብ። ማሽኑ 561.3 ኪሎኒውተን ካነበበ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው እሱና በካሊፐር የተለኩት ጎኖች ናቸው። 150 በ150 ሚሊሜትር ከሆኑ 24.9 ሜጋፓስካል ይወጣል፤ ካልኩሌተሩ 24.9467 ስላለ ሙከራው ያን ያህል አልጠራም። በእስክሪብቶ ጻፉ፤ የተሳሳተውን ሳይጠፋ በአንድ መስመር ሰርዙ።

ያልተመቸን ቁጥር መጣል። ሁለቱ ኪዩቦች 25 ገደማ ሰጥተው ሦስተኛው 16 ቢሰጥ መጀመሪያ አቀማመጡን ጠይቁ። በግንበኛ ማንኪያ የተለሰነው የላይኛው ፊት ወደ ጎን መዞር ነበረበት። ከማሽኑ ሳህን ጋር ከተገናኘ ጭነቱ በጉብታዎቹ ላይ ስለሚያርፍ ኪዩቡ ቀድሞ ይሰበራል። ስባሪው ሳይጣል ፎቶ አንሡት፤ ምክንያት ከተገኘ ቁጥሩ ከነምክንያቱ ተጽፎ ከአማካዩ ይወጣል፣ ካልተገኘ 16ቱ እዚያው ሠንጠረዡ ውስጥ ይቆያል።