የድሮ ኪንድል "ሞላሁ" ሲላችሁ

የኔ ኪንድል (የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) በፈረንጅ 2012 የወጣው የመጀመሪያው ፔፐርዋይት የሚባለው ሞዴል ነው፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣ። 2 ጊጋ ይባላል እንጂ ለኛ የሚተርፈው 1.25 አካባቢ ነው። ባለፈው ጣና ዳር ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ (ስልክ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ ይሄ ግን እንደውም ይጠራል) ቦታ የለም አለኝ።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ፣ የሚሞላው መጽሐፍ አይደለም፣ ስካን ነው። ጽሑፍ ብቻ ያለው ልብወለድ ብዙ ጊዜ 1 ሜጋ እንኳ አይሞላም፣ ከቴሌግራም የምናወርደው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ግን እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ስለሆነ አንዱ ብቻ 60 80 ሜጋ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ልብወለድ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ አትድከሙ።

ላፕቶፕ ላይ ሰኩት፣ እንደ ፍላሽ ይከፈታል። ካልተከፈተ ኪንድሉ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ይሆናል፣ እኔ ፖሊ ጊቢ አካባቢ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት እንደዛ ሆኖ ሁለት ቀን አሳብዶኛል። ዶክመንትስ የሚለውን ፎልደር ክፈቱና በሳይዝ ደርድሩት፣ ትልልቆቹን ፒዲኤፎች ወደ ላፕቶፕ ኮፒ አርጋችሁ ከዛ አጥፉ። መጽሐፉን በላፕቶፕ በኩል ከኪንድሉ ስታጠፉት ስሙ መጨረሻው ላይ ኤስዲአር (.sdr) የሚል ፎልደር ይቀራል፣ እሱንም አብራችሁ አጥፉት፣ ግን የሌላ መጽሐፍ እንዳትነኩ፣ የት ገጽ እንደደረሳችሁ የሚይዘው እሱ ነው። ማይ ክሊፒንግስ የሚለውን የጽሑፍ ፋይል ደሞ በጭራሽ! ያሰመራችሁበት ሁሉ እዛ ነው ያለው፣ እንደውም ኮፒ አርጉት። ኢጀክት ሳትሉ ኬብሉን አትንቀሉ።

አዲስ መጽሐፍ ስትጭኑ 200 መጽሐፍ ባንዴ አትዘርግፉበት። ለሰርች እንዲሆነው እያንዳንዱን ውስጥ ውስጡን ያነበዋል፣ ያኔ ይንቀራፈፋል ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፣ መብራት በጠፋ ቀን ደሞ ታውቁታላችሁ። አስር አስር አርጉት። ባትሪው ያለ ምክንያት መውረድ ከጀመረ ሰርች ላይ የማይረባ ቃል ጻፉና ኢንዴክስ ያልሆኑ (ለሰርች ገና አንብቦ ያልጨረሳቸው) ፋይሎች ካሉ እዩ፣ ቀኑን ሙሉ እዛው የቆመ ካለ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ አውጡትና ሪስታርት።

ኢፐብ የሚባለውን የመጽሐፍ ፋይል እንዲሁ ኮፒ ብታረጉት አያየውም፣ ካሊበር በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ኪንድል ወደሚያነበው ኤዜድደብልዩ3 (AZW3) ቀይሩት። አማርኛው ሳጥን ሳጥን እየሆነ ከመጣ እዛው ካሊበር ላይ የግዕዝ ፎንት አብራችሁ አስገቡበት። ስካኑን ግን በካሊበር አሳንሳለሁ ብላችሁ አትልፉ፣ ፎቶ ፎቶ ነው፣ እሱን ፍላሽ ላይ አስቀምጡት።