ለማኅበራዊ ፍትህ ግድ የሚለው ተማሪ ኮሌጅ ሲመርጥ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብሮሹር አይቶ መወሰን

"ፍትህ"፣ "እኩልነት" የማይል የኮሌጅ ዌብሳይት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። መጻፉ ምንም አያስወጣማ! ግቢውን ስትጎበኙ አስጎብኚው የሚያሳያችሁን አዲስ ሕንፃ ብቻ አትዩ። ካፌው ውስጥ ሳህን የሚያጥቡትን፣ ሽንት ቤት የሚያጸዱትን ማን ነው የቀጠራቸው? ኮሌጁ ራሱ ወይስ ኤጀንሲ? የተማሪዎቹን ጋዜጣም አገላብጡ። ለመጨረሻ ጊዜ ሰልፍ የወጡት በምን ጉዳይ ነበር? አስተዳደሩስ አነጋገራቸው ወይስ ፖሊስ ጠራ?

በድሮ ዝና መማረክ

ይሄኛው ብዙ ሰው ይሸውዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢያቸው ውስጥ ስለ ፖለቲካ የመናገር መብት ጠይቀው የአስተዳደሩን ሕንፃ ሲይዙ 800 የሚጠጉት ታሰሩ። ዛሬ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚያ የመናገር ነፃነት ንቅናቄ ስም የተሰየመ ካፌ አለ። ሳንፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲም በ1969 የጥቁሮችንና የሌሎች አናሳ ሕዝቦችን ታሪክ የሚያስተምር ኮሌጅ የከፈተው ወዶ አይደለም፤ ተማሪዎቹ ለወራት ትምህርት አቁመው ነው። ኮሌጅ ትናንት ያሳሰረውን ልጅ ዛሬ ፎቶውን ቢሰቅል አይግረማችሁ። ታሪኩን ሲተርኩላችሁ "አስተዳደሩ ያኔ ከማን ጋር ነበር?" በሉ። ቀጥላችሁ ያለፉትን አምስት ዓመታት ጠይቁ።

ስሙ ላይ "ፍትህ" የሌለውን ትምህርት መናቅ

ጥቁር አሜሪካዊው ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት ሲመራ ተማሪዎቹን ያስጨነቀው በክስ አዘገጃጀትና በማስረጃ ነበር። እዚያ በ1933 የተመረቀው ጠበቃ ቱርጉድ ማርሻል በ1954 የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን የዘር ክፍፍል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያሰኘውን ክርክር አሸነፈ። ስታትስቲክስ፣ የሕዝብ ጤና፣ አካውንቲንግ ሳይቀር እንደዚያው ለፍትህ ትግል ይጠቅማል። መፈክር የሚጽፍ ሞልቷል፤ በጀት አንብቦ የተደበቀውን የሚያወጣ ግን በየድርጅቱ ይፈለጋል።

ሁሉም እንደኔ የሚያስብበትን ግቢ መፈለግ

ደስ ይላል፤ ግን የሚሞግት ሰው ከሌለ መከራከር አይለመድም።

"ዕዳውን ኋላ አስብበታለሁ" ማለት

እንደኔ ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። የመብት ድርጅቶችና ነፃ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ቢሮዎች ብዙውን ጊዜ ደመወዛቸው ዝቅተኛ ነው። በየወሩ ከባድ ብድር የሚከፍል ተመራቂ ልቡ የፈቀደውን ትቶ ደህና የሚከፍለውን ይይዛል። ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ የተለጠፈውን ዋጋ ተዉትና ከድጋፍ በኋላ ከኪሳችሁ የሚወጣውን አወዳድሩ። ስኮላርሺፑ እስከ ምረቃ ነው ወይስ ለአንደኛ ዓመት ማባበያ? ነጥብ ሲወርድ ይቋረጣል? "ድጋፍ" ከተባለው ውስጥ ስንቱ ብድር ነው? አሜሪካ ኬንታኪ ግዛት የሚገኘው ቤርያ ኮሌጅ በ1855 በባርነት ተቃዋሚዎች የተመሠረተ ነው፤ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። በምላሹ ሁሉም በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ግቢው ውስጥ ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ኢንተርንሺፑ ያለ ክፍያ ሲሆን የቤት ኪራዩንና ምግቡን ማን እንደሚችል በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡ።