የአእምሮ ታማሚን ከጤና ጣቢያ የሚያርቁ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ጤና ጣቢያ ላይ አዲስ ለተመደባችሁ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ነው። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝን ላስቀድም።

ሰው በገመድ ታስሮ፣ እየጮኸ ይመጣል። ባለሙያው ሳይመረምረው «ወደ አማኑኤል ውሰዱት» ብሎ ሪፈር ይጽፋል። አማኑኤል በጣሊያን ጊዜ ከተከፈተ ወዲህ የአእምሮ ሕክምና ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው እሱን ነው፤ ግን የአገሩን ታማሚ ሁሉ አንድ ደጅ አይችለውም። ገጠር ያለ ቤተሰብ ለዚያ መንገድ በሬ ይሸጣል፣ አዲስ አበባ አልጋ ይከራያል፣ የእርሻ ጊዜው ያልፍበታል። መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ሲያልቅበት ደግሞ የሚሸጠው ሌላ በሬ የለውም። ያው ሰው ከወራት በኋላ ቤቱ ታስሮ ይገኛል።

«እኛ ስፔሻሊስት አይደለንም» ትሉኛላችሁ። በጉራጌ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሥልጠና በወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲታከሙ፣ በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከታከሙት ያላነሰ ለውጥ እንዳገኙ አሳይቷል። እህልና ውኃ እምቢ ላለ፣ ራሱን ለማጥፋት ላቀደ፣ ትኩሳት ይዞት ለሚዘባርቅ ሪፈር ይጻፍ። ለሌላው ሕክምናውን እዚያው ጀምሩለት።

ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሰጥቶ ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ ዝም ማለት ሁለተኛው ስህተት ነው። አንድ ወጣት መድኃኒቱን በጀመረ በቀናት ውስጥ አንገቱ ተጠማዞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ መንጋጋው ተቆልፎ እናቱ ይዛው መጣች። «ጋኔኑ በመድኃኒቱ ተቆጣ» ትላለች። ፕሮሜታዚን በመርፌ ሲሰጠው ብዙም ሳይቆይ አንገቱ ተፈታ። እናቱ ግን ከዚያ በኋላ ክኒን እቤቷ እንዲገባ አልፈቀደችም፤ አልፈርድባትም፣ አስቀድሞ የነገራት አልነበረም። በትንሽ መጠን ጀምሩ፤ ይህ ሊመጣ እንደሚችል፣ ከመጣም በፍጥነት የሚድን እንደሆነ፣ ወዲያው ወደ እናንተ መምጣት እንዳለባቸው በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው።

ጠበልና መድኃኒትን አታስመርጡ። ካስመረጣችሁ ብዙው ጊዜ ተሸናፊው ክኒኑ ነው። «ጠበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ» በሉ፤ ለሚጾም ሰው የመዋጫ ሰዓቱን ከጾሙ ጋር አስማሙለት። መድኃኒት አቁሙ የሚል አጥማቂ ካለ ቤተሰቡን ከመቆጣት ይልቅ ሄዳችሁ አጥማቂውን በአክብሮት አነጋግሩት። ብዙዎቹ ይሰማሉ።

ስለ ራስ ማጥፋት በቀጥታ ጠይቁ፤ ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም።

ታማሚው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ አስታማሚውን ብቻ አታናግሩ።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም ስሙኝ። አንድ ነርስ ብቻ አሠልጥናችሁ እሱ ሲዛወር ክፍሉ ይቆለፋል፤ ሁለትና ሦስት ሰው አሠልጥኑ። የመድኃኒት ጥያቄ ሲሞላም አሞክሳሲሊን ተረስቶ አያውቅም፤ የሚረሱት የአእምሮ ሕመምና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ፍሎክሰቲንና ፊኖባርቢታል ናቸው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥበት ማባሪያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊነሳበትና ሊሞት ይችላል። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ «በሚቀጥለው ወር ተመለሱ» የተባለ ቤተሰብ ደግሞ ስንቱ ይመለሳል? ከቀጠሮ የቀሩትን ከመዝገቡ አውጥታችሁ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ደውሉላት፤ ቤታቸውን ታውቀዋለች።