ግማሽ ምዕተ ዓመት ምክር ቤት የተቀመጠን ሰው በአንድ ገጽ እንዴት እንጽፋለን?

የውጭ አገር ዜና ገጽ ሳዘጋጅ ከወጣት ጸሐፊዎች እጅ የምቀበለው የፖለቲከኛ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሹመት ዝርዝር ነው። በዚህ ዓመት ይህን ሆኑ፣ በዚያ ዓመት ያንን ሆኑ ይልና ያልቃል። አንባቢው ሰውየው ብዙ ወንበር እንደቀያየሩ ይረዳል እንጂ ማን እንደሆኑ አይረዳም። እኔ ለማስተማሪያ የምመርጠው ኬኔት ክላርክን ነው፤ የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ሰው፣ ከ1970 እስከ 2019 ሳያቋርጡ የታችኛው ምክር ቤት አባል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እናንተም ይህን መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ ተናግራችሁ እለፉ፤ በየመስመሩ «እ.ኤ.አ.» መደርደር ንባብ ያደናቅፋል።)

ከምርጫ ክልላቸው ጀምሩ። ክላርክ በ1940 ኖቲንግሃም አጠገብ ዌስት ብሪጅፎርድ ተወለዱ። አባታቸው በማዕድን ማውጫ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ፤ በኋላ በሰዓትና በጌጣጌጥ ሥራ ተሰማርተዋል። ልጅየው ካምብሪጅ ሕግ አጥንተው ጠበቃ ሆኑ። በ1964 እና በ1966 ማንስፊልድ በተባለው የከሰል ማዕድን አካባቢ ተወዳድረው ሁለቴም ተሸነፉ። ያ ወንበር የሌበር ፓርቲ ርስት ስለነበር ሽንፈቱ ማንንም አላስደነቀም፤ ወጣት እጩ የሚፈተነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በ1970 ያሸነፉበት ራሽክሊፍ ግን የትውልድ ከተማቸውን ያቀፈ ክልል ነው። ይህን ያላስቀመጠ ጸሐፊ፣ ክላርክ ኋላ ፓርቲያቸውን እንቢ ሲሉ በምን ተማምነው እንደሆነ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ሹመቱን በአጭሩ ዝለቁት። በሂዝ፣ በታቸር፣ በሜጀርና በካሜሮን መንግሥታት አገልግለዋል፤ ጤናን፣ ትምህርትን፣ የአገር ውስጥ ጉዳይን፣ ገንዘብን፣ በመጨረሻም ፍትሕን መርተዋል። ይበቃል። ከዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ አንሡና በቅርበት አሳዩ። እኔ ብሆን የገንዘብ ሚኒስትርነታቸውን፣ ከ1993 እስከ 1997 ያለውን፣ እመርጣለሁ። ያን ጊዜ የወለድ ምጣኔን የሚወስነው ማዕከላዊ ባንኩ ሳይሆን ሚኒስትሩ ነበር። ክላርክ ከባንኩ ገዥ ከኤዲ ጆርጅ ጋር በየወሩ እየተቀመጡ ይመክሩ ነበር፤ ከ1994 ጀምሮ ደግሞ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ እንዲታተም ተደረገ። በግንቦት 1995 ገዥው «ወለድ ይጨመር» ሲሉ ክላርክ አልጨምርም አሉ። ክርክራቸው በሰነድ ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እንዲህ ያለ አንድ ትዕይንት ከአሥር የሹመት ቀን ይልቅ ሰውየውን ያሳያል።

ሽንፈቶቹን አትዝለሉ። ክላርክ የፓርቲ መሪ ለመሆን ሦስት ጊዜ ተወዳደሩ። በ1997 በዊሊያም ሄግ 92 ለ70 ተሸነፉ። በ2001 በእንደራሴዎቹ የመጨረሻ ዙር አንደኛ ቢወጡም፣ ነገሩ ወደ ተራው አባል ሲወርድ ኢያን ዳንከን ስሚዝ 155,933 ለ100,864 ረቷቸው። በ2005 በመጀመሪያው ዙር ወደቁ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ፓርቲው ከአውሮፓ ኅብረት እየራቀ ሲሄድ እሳቸው ከደጋፊነታቸው ንቅንቅ አላሉም። አቋማቸውን ለዘብ ቢያደርጉ ኖሮ ምናልባት ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆኑ ነበር የሚል ብዙ ሰው አለ፤ እኔም ከእነዚያ ወገን ነኝ።

ቀጥሎ የድምፅ መዝገቡን ክፈቱ። የምክር ቤቱ ንግግርና ድምፅ ሃንሳርድ በተባለው ይፋ መዝገብ ላይ ቀን በቀን ተመዝግቦ ይገኛል፤ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። በስም ፈልጉ፣ ከዚያ የፓርቲው አብላጫ በአንድ በኩል ሰውየው በሌላ በኩል የቆሙበትን ቀን ለዩ። ክላርክ በ2003 የኢራቅን ጦርነት ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። በየካቲት 1 ቀን 2017 ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣቱን ሂደት የሚያስጀምረው ረቂቅ ሕግ በሁለተኛ ንባቡ 498 ለ114 ሲያልፍ፣ ከወግ አጥባቂዎቹ መካከል የተቃወሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚያው ወር በአገልግሎት ዘመን ቀዳሚው የሚይዘውን «የምክር ቤቱ አባት» የሚል ማዕረግ ያዙ። በመስከረም 2019 ያለ ስምምነት መውጣትን ለማገድ ከተቃዋሚዎች ጋር ስለቆሙ ከሌሎች 20 እንደራሴዎች ጋር ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ተባረሩ። «አባት» ተብለው ከቤት የተባረሩ ሰው! ይህን ጽሑፋችሁ መካከል ላይ አስቀምጡት፤ ለመደምደሚያ ካቆያችሁት የሙት መታሰቢያ ይመስላል።

አሁን ሰውየውን ወደዳችኋቸው፤ አደጋውም እዚህ ነው። ስለዚህ የከሳሾቻቸውን መዝገብም አንብቡ። ክላርክ በ1983 በጤና መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ዴኤታ ሳሉ፣ ኤድስ በደም ተዋጽኦዎች እንደሚተላለፍ «የማያሻማ ማስረጃ የለም» የሚል መልስ ለምክር ቤቱ ሰጥተዋል። በዚያ ዘመን በተበከለ ደምና የደም ተዋጽኦ ብዙ ሺህ ሰው ተለከፈ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን በግንቦት 2024 ባወጣው ሪፖርት ያንን የመንግሥት አባባል ነቅፏል፤ ክላርክ በ2021 ለምስክርነት ቀርበው ያሳዩትን ጠብ አጫሪ አነጋገርም ወቅሷል። እሳቸው በበኩላቸው የደም ጉዳይ በቀጥታ የእሳቸው ኃላፊነት እንዳልነበረ ተከራክረዋል። ሁለቱንም ጻፉ። ያ ለማንም የማይንበረከክ ባሕርይ በአንዱ ቦታ ድፍረት፣ በሌላው ቦታ የተጎጂን ሕመም አለማዳመጥ ሆኖ ይታያል። እናንተ ልታስታርቁት አትሞክሩ።

ጌጡን ቆጥቡ። ስለ ክላርክ የተጻፈ ሁሉ የጃዝ ፍቅራቸውን፣ ሲጋራቸውን፣ ከሱዌድ (ከለስላሳ፣ ከማያብረቀርቅ ቆዳ) የተሠራውን ምቹ ጫማቸውን ያነሣል። አንዱን ምረጡ። እኔ የምመርጠው በጀት ሲያቀርቡ ከጎናቸው ያኖሩት የነበረውን የውስኪ ብርጭቆ ነው፤ በዚያ አዳራሽ መጠጥ የሚፈቀደው ለገንዘብ ሚኒስትሩ ብቻ፣ ያውም በበጀት ንግግር ቀን ብቻ ስለሆነ ስለ ቤቱም ወግ ይናገራል።

ወደ ማተሚያ ከመላካችሁ በፊት የድምፅ ቁጥሮቹን ከሃንሳርድ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ ማዕረጉንም አርሙ። ክላርክ ከ2020 ጀምሮ የላይኛው ምክር ቤት አባል፣ የኖቲንግሃሙ ጌታ ክላርክ ናቸው።