ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሆድ የባሰውን ልጅ ማግኘትና መደገፍ

የሥነ ልቦና ባለሙያ በሌለበት ትምህርት ቤት ልጆችን የማጽናናቱ ሥራ የሚወድቀው በክፍል ኃላፊው መምህር ትከሻ ላይ ነው። መምህሩ እንዲያክም አይጠበቅም። ለውጥን ማየት፣ ጠጋ ብሎ መስማት፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለሚመለከተው ማድረስ ይችላል፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ አንደኛ ደረጃ ይማራሉ። እናቱ ዓረብ አገር ሄዳ አያቱ ጋ የሚያድግ፣ እናቱ ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ የምታድርበት ልጅም በየክፍሉ አለ።

ረባሹን ልጅ ሁሉም ያየዋል፤ የሚያመልጠን ዝም ያለው ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ደብተር ይያዙና ከስም መጥሪያው በተራ በቀን ሦስት ልጅ ብቻ ይመልከቱ። ስድሳ ተማሪ በ20 የትምህርት ቀን ይዳረሳል። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይበቃል። «አዝኗል» ብሎ መጻፍ በኋላ ምንም አይነግርዎትም፤ «ሰኞና ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ከክፍል አልወጣም፣ ምሳ ዕቃውን አልከፈተም» የሚለው ግን ይነግርዎታል። ሁለት ሳምንት ያለፈ ለውጥ ሲያዩ ልብ ይበሉ፦ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» የሚል፣ ጓደኞቹን የራቀ፣ በትንሹ እጁን የሚሰነዝር፣ የጎማ ፍንዳታ ወይም የደወል ብረት ድምፅ ሲሰማ ዴስክ ሥር የሚገባ።

ታዲያ ወደ ስሜት ከመሄድዎ በፊት ቀላሉን ያጣሩ። ልጁ ቁርስ በልቷል? ተኝቷል? ሰሌዳው ይታየዋል? ይሰማል? ቁርስ መብላቱን በጓደኞቹ ፊት መጠየቅ ግን ያሸማቅቀዋልና ለብቻው ይጠይቁት።

ንግግሩን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አያድርጉት፤ ልጆች እዚያ የሚጠሩት ለቅጣት እንደሆነ ያውቃሉ። ሰው የሚያያችሁ ነገር ግን የማይሰማችሁ ቦታ፣ ለምሳሌ የግቢው ዛፍ ሥር፣ ይሻላል። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። «ለምን» ብለው አይጀምሩ፤ ልጅ «ለምን አለቀስክ?» ሲባል እንደ ወቀሳ ይሰማዋል። «ሰሞኑን ከኳስ ቀርተሃል፤ ደህና ነህ ወይ?» ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቢሆንም አይሙሉት። ልጁ ከተናገረ «አብሽር፣ ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግክ» ይበቃዋል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እና «ይሄ ምን አለው» የሚሉት አፉን ይዘጉታል። ለማንም አልናገርም ብለውም ቃል አይግቡ፤ «የሚረዳህ ሰው ካስፈለገ ለእሱ ብቻ እነግረዋለሁ» ይበሉት።

ብዙ ጊዜ በቅን ልብ የሚሠራ ስሕተት አለ። ልጆች «ይውጣላቸው» ተብሎ ስለ ጦርነቱ ድርሰት እንዲጽፉ ወይም ሰልፍ ላይ እንዲናገሩ ይደረጋል። ሳይፈልግ እንዲያወራ የተደረገ ልጅ ፍርሃቱ ሊቀሰቀስበት ይችላል፤ ሲደነግጥም ከጎኑ የሚቆይ ሰው አያገኝም። ራሱ ካነሳው ይስሙት፣ ካላነሳ አይቆስቁሱት። «እናትና አባትህን ሳል» ከማለትም «አብረውህ የሚኖሩትን ሰዎች ሳል» ማለት አያቱ የምታሳድገውን ልጅ አያሳፍረውም።

ለመላው ክፍል የሚሆን አንድ ልምምድ ከስም ጥሪ በኋላ በየቀኑ ያሠሩ። ልጆቹ እጃቸውን እንደ ስኒ ያጥፉ፤ ቡና እንደሚያሸቱ በአፍንጫ እስከ 4 እየተቆጠረ አየር ይሳቡ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ በአፍ እስከ 6 እየተቆጠረ ቀስ ብለው እፍ ይበሉ። አምስት ጊዜ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ልጆች ውድድር አድርገውት በኃይል ከተነፈሱ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ ያን ጊዜ አስቁመው በለሆሳስ እንደገና ያስጀምሩ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አይበሉ፤ የፈራ ልጅ ዓይኑን ሲከድን ይብስበታል። ልምምዱ የሚረዳው ልጁ በሰላሙ ቀን ከለመደው ነው፤ በደነገጠበት ሰዓት አዲስ ነገር አይገባውም።

ዱላና ጆሮ መቆንጠጥ ይህን ሁሉ ያፈርሱታል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓል። ቅጣት የግድ ከሆነ ቀድሞ የታወቀና ለሁሉም እኩል የሆነ ይሁን፤ ልጅን ከቅጣቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው።

ወላጅ ሲጠሩ «ወላጅ አምጣ» የሚለው መልእክት ቤት ከመድረሱ በፊት ልጁን ያስመታዋል። በስልክ ይደውሉ፣ ከልጁ መልካም ነገር ይጀምሩ። ፋብሪካ የምትሠራ እናት በፈረቃዋ ሰዓት ከተጠራች ደመወዟ ሊቆረጥባት ይችላልና የሚመቻትን ሰዓት አስቀድመው ይጠይቋት። ቤተሰቡ ጠበል ወይም ዱዓ ይሻላል ካለ አይከራከሩ፤ ከዚያ ጎን ለጎን ጤና ጣቢያ እንዲያሳዩትና የታዘዘ መድኃኒት እንዳያቋርጡ ብቻ ይለምኗቸው።

መሞትን ያነሳ፣ ራሱን የጎዳ፣ ወይም የመደፈርና የድብደባ ምልክት ያለበት ልጅ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ይነገራል። ሞትን ያነሳ ልጅ ወደ ሆስፒታል እስኪሄድ ለብቻው አይተው። ጥቃት ከተጠረጠረ ዝርዝሩን አይጠይቁ፤ ልጁ ያለውን በራሱ ቃል ይጻፉ፣ ተጠርጣሪውን አይጥሩ፣ ተጠርጣሪው ቤት ውስጥ ከሆነ ወደ ቤት አይደውሉ። ጉዳዩ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

ደብተሩ ላይ ስም ሳይሆን የስም መጥሪያ ተራ ቁጥር ይጻፉ፤ በየቀኑም ይቆልፉበት። ዴስክ ላይ የተረሳ እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ልጅ ምንም አይነግርዎትም።