በከባድ ወንጀል ሲመሰክሩ ማንነትዎ እንዳይገለጥ ጥበቃ ስለመጠየቅ

በወሎ ገጠር ግድያ ወይም ዘረፋ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ከተከሳሹ ዘመዶች ጋር በአንድ ገበያ የሚውል፣ በአንድ ቅሬ (እድር) የሚቀብር ነው። ስለዚህ መፍራቱ አያሳፍርም፤ ሕጉም ይህን አውቆ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ን አውጥቷል። ጥበቃው የሚሰጠው ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ቃልዎ በሌላ ማስረጃ የማይተካ ሲሆን፣ በእርስዎ ወይም በቤተሰብዎ ላይም ከባድ አደጋ የሚያሰጋ ሲሆን ነው።

ጥያቄውን ለመርማሪው ቃልዎን ከመስጠትዎ በፊት ያንሡ፤ ስም በምስክሮች ዝርዝር ሰፍሮ ተከሳሹ እጅ ከገባ በኋላ መደበቅ ትርጉሙን ያጣል። በማመልከቻው «እፈራለሁ» ብቻ አይበሉ፤ «ማክሰኞ ማታ ወንድሙ ደጄ ድረስ መጥቶ ልጆችህን አስብ አለኝ» ብለው ቀኑንና ቃሉን ይግለጹ። የሚፈልጉትንም ለይተው ይጠይቁ፦ እስከሚመሰክሩበት ቀን ማንነትዎ እንዳይገለጥ፣ በዝግ ችሎት እንዲሰሙ፣ ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው እንዲመሰክሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስም ተደብቆ የተናገረው ነገር ራሱ ምስክሩን ሲያጋልጠው ነው። ሁለት ቤት ብቻ ባለበት ሸንተረር «በሬዬን ሳስር አየሁት» ያለ ምስክር ስሙን የተናገረ ያህል ነው። ይህን ለዐቃቤ ሕጉ አስቀድመው ያስረዱ እንጂ ያዩትን በራስዎ አይለውጡ፣ አይቀንሱም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሹ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለውና ርቀቱን፣ ብርሃኑን፣ የቆሙበትን ቦታ ይጠየቃሉ። ከእርሱ ጋር የድንበር ጠብ ወይም የቆየ ቂም ካለዎት ደግሞ አስቀድመው ለዐቃቤ ሕጉ ይናገሩ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ የማያውቅ ተከሳሽ ቂሙን ሊያነሣ አይችልምና፣ ይህን መሸሸግ ንጹሕ ሰው ሊያሳስር ይችላል።

አበጋር (በወሎ ባለደሞችን የሚያስታርቅ) ወይም ሽማግሌ ደም ለማድረቅ ቢመጣ እርቁ መልካም ነው፤ ሆኖም የግድያን ክስ አያስቀርም። ቃልዎን እንዲለውጡ የጠየቀዎት ካለ የዚያኑ ዕለት ለዐቃቤ ሕጉ ያሳውቁ። ደሴ ወይም ወልድያ ለችሎት ሲጠሩም ከተከሳሹ ቤተሰብ ጋር በአንድ መኪና እንዳይሳፈሩ፣ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን በር ከፖሊስ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።